እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች፤ ሦስት ሽንኩርት አምጪ ስላት ግን እፍኝ ሙሉ ታመጣለች

«ይድረስ ለእትዬ። የምጽፍልዎ ከቢቸና አካባቢ ነው። አራት ዓመት ከአራት ወር የሆናት ልጅ አለችኝ። እንግዳ ሲመጣ ከአንድ እስከ ሠላሳ ሳትሳሳት ትቆጥራለች፤ ሁሉም ያጨበጭቡላታል። ‹ሦስት ሽንኩርት አምጪልኝ› ብዬ ጓዳ ስልካት ግን ያገኘችውን አፍሳ ትመጣለች። የባለቤቴ ወንድም መምህር ነው። ባለፈው ስድስት ስድስት ባቄላ በሁለት መስመር ደረደረላትና ‹እኩል ናቸው› ካለችው በኋላ አንዱን መስመር ዘርጋ አድርጎ ‹አሁንስ?› ሲላት ‹ይኼኛው ይበልጣል› አለች። እሱም ‹ይች ልጅ ለቁጥር ጭንቅላት የላትም› አለኝ። የጎረቤታችን ልጅ እኩያዋ ናት፤ የግል መዋዕለ ሕፃናት ገብታ እስከ መቶ ትጽፋለች። እኛ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። እኔ ራሴ ሒሳብ አልገባኝ ብሎ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምሁ፤ አሁን ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ከኔ ወርሳው ይሆን? በጣቷ ስትቆጥርስ ልከልክላት? አማቴ ደግሞ ጫጩቶቹን ስትቆጥር ሲሰሙ ይቆጣሉ። ምን ላድርግ?»

እታለም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልጅሽ ደኅና ናት። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ለዕድሜዋ የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁበትም። የተቻኮለው አጎቷ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አገራችን የቅኔ አገር ነውና በዚያው ላስረዳሽ። ዳዊት የሚደግም የአብነት ተማሪ አይተሻል። ግእዙን አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ያወርደዋል፤ ከመካከል አንድ ቃል መዘሽ «ምን ማለት ነው?» ብትዪው ግን ዝም ይላል። የያዘው ንባቡን ነው፤ ትርጓሜው ኋላ፣ በሌላ ወንበር ይመጣል። በዚህ ምክንያት «ይኼ ልጅ ጭንቅላት የለውም» ያለ የኔታ አልሰማሁም። ልጅሽም የቁጥሩን ንባብ ይዛለች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ለጊዜው ለእሷ ተራውን ጠብቆ የሚወርድ ዜማ ነው። «ሦስት» የሚለው ቃል እጇ ላይ ካሉት ሦስት ሽንኩርቶች ጋር የሚገናኝበት ትርጓሜ ሌላ ሥራ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል።

ይኼን ከልጆች ጋር ወለል ላይ ተቀምጠው የፈተኑ ሰዎች አሉ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ካረን ዊን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990 እና በ1992 ባወጣቻቸው ጥናቶች ያንቺኑ የሽንኩርት ጥያቄ ነበር የጠየቀችው፤ በሽንኩርት ፋንታ መጫወቻ ሰጥታቸው «ሁለት ስጠኝ፣ አምስት ስጠኝ» ትላቸዋለች። ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ያለ ልጅ «አንድ»ን ብቻ ያውቃል። አንድ ሲሉት አንድ ይሰጣል፤ ሁለትም ይባል አምስት የሚሰጠው እፍኝ ነው። እስከ አሥር መቁጠር ቢችልም እንዲያው ነው። ወራት ቆይቶ «ሁለት» ይገባዋል። እንደገና ወራት ቆይቶ «ሦስት»። ከሦስት ወይም ከአራት በኋላ ግን ነገሩ በአንድ ጊዜ ይበራል፤ ሲቆጥሩ በመጨረሻ የተጠራው ቃል የጠቅላላው ብዛት መሆኑን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ አምስትም ስድስትም ዘጠኝም ለየብቻ መማር አያሻውም።

እዚያ ደረጃ ያልደረሰ ልጅ አንድ ደስ የሚል ነገር ያደርጋል። አራት ድንች አስቆጥሪያትና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላ ስትጨርስ «ታዲያ ስንት ናቸው?» በያት። «አራት» በማለት ፈንታ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። «ስንት» ማለት ለእሷ «ዜማውን ውረጂው» ማለት ነዋ!

እነዚያ የተጠኑት ልጆች አብዛኞቹ ይኼን ጉዞ የሚጨርሱት በሦስት ዓመት ተኩልና በአራት ዓመት አካባቢ ነው። የልጅሽ ዕድሜ ከዚያ ትንሽ አለፍ ማለቱ አያስደንግጥሽ። በ2014 የወጣ ጥናት በቦሊቪያ ደን ውስጥ በእርሻና በአደን የሚኖሩትን የጺማኔ ሕዝብ ልጆች ተመልክቷል። ደረጃዎቹ ያው ናቸው፤ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁሉም። የሚደርሱበት ጊዜ ግን በዓመታት ዘግይቶ ነው። ቅደም ተከተሉ ከልጅ ተፈጥሮ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በዙሪያዋ ስለ ቁጥር ምን ያህል እንደሚወራ ይወሰናል። ያ ደግሞ በእጅሽ ያለ ነገር ነው።

ትርጓሜውም ከባዶ አይነሳም። ልጅ ቃሉን ሳያውቅ የብዛት ስሜት ይዞ ነው የሚወለደው። የቀናት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት አራት አራት ወይም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየተደረገ ድምፅ ሲሰሙ ቆይተው፣ ቁጥሩ ከሰሙት ጋር የሚገጥም ሥዕል ሲቀርብላቸው እሱን አብልጠው እንደሚያዩ በ2009 ታውቋል። የስድስት ወር ሕፃን 8 ነጥብን ከ16 ይለያል፤ 8ን ከ12 ለመለየት ግን ሌላ ጥቂት ወር ያስፈልገዋል። ያችው ካረን ዊን ደግሞ ለአምስት ወር ሕፃናት አንድ አሻንጉሊት አሳይታ ጋረደችው፤ ሕፃናቱ እያዩ ሁለተኛ አሻንጉሊት ከመጋረጃው ኋላ አስገባች። መጋረጃው ሲወርድ አንድ ብቻ ከተገኘ ሕፃናቱ ረዘም አድርገው ያፈጣሉ። «ሌላዋ የት ሄደች?» የሚሉ ይመስላሉ።

አማትሽንም ይኼን ንገሪያቸው፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው በብዛት ያወዳድራሉ። ጣልያን አገር በተደረገና በ2009 በወጣ ሙከራ፣ ከተፈለፈሉ ጥቂት ቀናቸው የሆነ ጫጩቶች አብረዋቸው ያደጉት ትንንሽ ኳሶች ከሁለት መጋረጃ ጀርባ ሲደበቁ፣ ኳስ ከወዲያ ወዲህ ቢዛወር እንኳ ብዙ ወዳለበት ነበር የሚሮጡት።

ይኼ ስሜት ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። አንቺም ከሁለት የቲማቲም ክምር የትኛው እንደሚበልጥ ሳትቆጥሪ ታያለሽ፤ 22ን ከ23 ግን በዓይን መለየት ማንም አይችልም። ለዚያ ቃል ያስፈልጋል። በብራዚል አማዞን የሚኖሩት ሙንዱሩኩዎች በቋንቋቸው ከአምስት በላይ የቁጥር ስም የላቸውም። በ2004 ሲጠኑ የብዙ ነጥቦችን ክምር በማወዳደር ከፈረንሳዮች አልተናነሱም፤ ከስድስት ላይ አራት ቢነሳ ስንት ይቀራል ዓይነት ትክክለኛ መልስ ሲጠየቁ ግን ተቸገሩ።

በአንጎል ውስጥም ቦታው ይታወቃል። በግራም በቀኝም፣ ወደ ላይና ወደ ኋላ ባለው ክፍል፣ የአንጎል ሽፋን ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት ቦይ አለ። የአራት ዓመት ልጆችን በኤምአርአይ መሣሪያ ሲያዩዋቸው የሚታየው ነገር ብዛት በተቀየረ ቁጥር ያ ቦታ ልክ እንደ አዋቂ ሰው ይነቃቃል። ስለዚህ «ለቁጥር ጭንቅላት የላትም» የተባለው ቢያንስ በዚህ በኩል ትክክል አይደለም። ሲወለዱ የሌለው ያን ስሜት «ሦስት» ከሚለው ቃልና 3 ከሚለው ምልክት ጋር የሚያያይዘው መንገድ ነው፤ እሱ የሚመጣው በመደጋገም ነው።

አሁን ወደ አጎቷ። የባቄላው ፈተና የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው የስዊዘርላንዱ ሊቅ የዣን ፒያዤ ነው፤ መምህራን ሁሉ በሥልጠና የሚማሩት። ፒያዤ ራሱ ያለው ግን ምንድን ነው? አብዛኞቹ ልጆች እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ድረስ «የተዘረጋው ይበልጣል» ይላሉ ነው ያለው። አጎቷ ይኼን ቢያስታውስ ኖሮ በአራት ዓመት ልጅ ላይ ባልፈረደ። ደግሞም ፈተናው ራሱ ቆይቶ ተተችቷል። በ1974 ሁለት የስኮትላንድ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ብቻ ቀየሩ፤ መስመሩን የሚያበላሸው ጠያቂው መሆኑ ቀርቶ ባለጌ የድብ አሻንጉሊት መጥቶ ያተራምሰው ጀመር። ያን ጊዜ «እኩል ናቸው» የሚሉት ልጆች በጣም በዙ።

ምክንያቱን እኛ ከማንም በላይ እንረዳዋለን። ታላቅ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆሽ መለስሽ፤ እያየሽው ባቄላውን በእጁ ነካክቶ ያንኑ ጥያቄ ደገመው። በጎጃም ያደገ ልጅ ከዚህ የሚረዳው «የመጀመሪያው መልሴ አልተወደደም» ብሎ ነው። ልጅቱ ስለ ባቄላ ሳይሆን ስለ አጎቷ ፊት አስባ መልሳ ሊሆን ይችላል! አጎቷ ካልተቀየመ ሌላ ቀን ባቄላውን ታናሽ ወንድሟ ወይም የጎረቤት ሕፃን ሲያበላሸው ይጠይቃት።

ጣቷን በፍጹም እንዳትከለክዪ። በአምስትና በስድስት ዓመት በጣታቸው የሚቆጥሩ ልጆች በስሌት የተሻለ ትክክል ሆነው ነው የተገኙት፤ ከሁለተኛ ክፍል አካባቢ ጀምሮ ቃሉና ስሌቱ ሲበስል ጣቱ ራሱ ይቀራል። ጣት ሁልጊዜ አብሯት ያለ፣ የማይጠፋ፣ አምስትና አሥር ላይ የሚቆም መቁጠሪያ ነው። አዋቂዎቹስ እግዚኦታ ሲያደርሱ በጣት አንጓ አይደል የሚይዙት?

ደግሞ ሠላሳን አልፋ ስትሞክር «ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አሥር» ካለች ሳትስቂ ስሚያት። ከማንም ያልሰማችውን ቃል ፈጠረች ማለት የቁጥሩን ሥርዓት አይታዋለች ማለት ነው። በአማርኛ ከ11 እስከ 19 «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» እያለ አሥሩን በግልጽ ስለሚጠራ የእኛ ልጆች እዚያ ላይ ይቀልላቸዋል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች በዚያ ቦታ ይሰናከላሉ። ለእኛ ልጆች የሚከብደው ከሃያ እስከ ዘጠና ያሉትን ስሞች መያዙ ነው። እሱም የንባብ ጉዳይ ስለሆነ አያስቸኩልም።

«ከኔ ወርሳው ይሆን?» ያልሽው ነገር ልቤን ነካው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጉሊት ተቀምጠሽ ሽንኩርት በኪሎ 60 ብር ሆኖ ኪሎ ተኩል ተመዘነ፤ ገዢው 200 ብር ሰጠሽ። ስልሳና ሠላሳ ዘጠና፤ ከዘጠና መቶ ለመድረስ አሥር፣ ከዚያ መቶ፤ 110 ብር መለስሽ። ያለ ወረቀት፣ ሌላ ደንበኛ እየጠራሽ፣ ምናልባትም ልጅ አዝለሽ። ይኼ ሒሳብ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ያንቺን መሰል ነገር ተጠንቷል፤ ውጤቱ በ1985 ወጣ። በመንገድና በገበያ የሚሸጡ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን አምስት ልጆች ተመራማሪዎቹ እንደ ገዢ ቀርበው ጠየቋቸው። አንዱን የ12 ዓመት ልጅ ዋጋው 35 ክሩዜሮ (የዚያን ጊዜ የብራዚል ገንዘብ) የሆነ ኮኮናት አሥሩ ስንት እንደሚሆን ሲጠይቁት «ሦስቱ 105፣ ሦስት ሲጨመር 210» እያለ ሄዶ 350 ላይ ደረሰ። በአሥር ለማብዛት ዜሮ መጨመር እንደሚበቃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን አልተጠቀመበትም፤ በራሱ መንገድ ግን ትክክል ነው። በገበያው ላይ ልጆቹ 98 ከመቶ ትክክል መለሱ። በኋላ እነዚያኑ ስሌቶች ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው በባዶ ቁጥር ሲጠይቋቸው ወደ 37 ከመቶ ወረዱ። ተመሳሳይ ልጅ፣ ተመሳሳይ ስሌት! እና እታለም፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመሽ የቁጥር ድንቁርና አይመስለኝም። በሰሌዳ የሚጻፈውና በእጅሽ የምትሠሪው አንድ መሆኑን የሚያሳይሽ ሰው አጥተሽ ይሆናል።

ስለዚህ በልጅቱ ፊት «እኔም ሒሳብ አይሆንልኝም» ማለት ይቅር። በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሒሳብ የሚፈሩ ወላጆች የቤት ሥራ በብዛት ሲያግዙ ልጆቻቸው በዓመቱ መጨረሻ ያነሰ ተምረው፣ ይባስ ብሎ ፍርሃቱን ይዘው ተገኝተዋል። አታግዢ ማለቴ አይደለም፤ ከምትችዪው፣ ከጉሊትሽ ጀምሪ ማለቴ ነው።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ነው። አስቀድመሽ ልጅቱ የት እንዳለች እወቂ። «አንድ ሽንኩርት አምጪልኝ» በያት፤ በሌላ ሰዓት «ሁለት»፤ በሌላ ሰዓት «ሦስት»። ፈተና አታስመስዪው፣ በሥራ መካከል ይሁን። ሁለትን ሁልጊዜ ካመጣችና ሦስት ላይ እፍኝ ከሆነ ሥራሽ ሦስት ላይ ነው። ሠላሳውን ለጊዜው እርሺው። ቤቱን በሦስት ሙዪው፤ «ሦስት ድንች ልላጥ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ድንች።» መጀመሪያ ቆጥረሽ በመጨረሻ ብዛቱን ደግመሽ መጥራትሽ ነው ዋናው፤ የቃሉና የብዛቱ ድልድይ እሱ ላይ ነውና። ሦስት ሲጸና ወደ አራት እለፊ።

የቤት ውስጥ ወሬ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ። በ2010 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 44 ቤተሰቦችን እየሄዱ ቀርጸዋል፤ እያንዳንዱን ቤት አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል። በጠቅላላው አንዱ ወላጅ ለልጁ 4 የቁጥር ቃል ሲናገር ሌላው 257 ተናግሯል። ብዙ የሰሙት ልጆች አራት ዓመት ሊሞላቸው ሲል የቁጥሮችን ትርጉም በተሻለ ያውቁ ነበር። በኋላ በተደረገ ክትትል ደግሞ ይበልጥ የጠቀመው በዓይን የሚታይ ነገር መቁጠሩ፣ በተለይም ከአራት እስከ አሥር የሚደርሱትን መቁጠሩ ሆኖ ተገኘ። እንግዳ ፊት በባዶው ሠላሳ ማውረዱ ከዚህ አይቆጠርም፤ ማጨብጨቡን ግን አትከልክዪ፣ ደስ ይላታል።

ቡና ስታፈዪ ሲኒውን እሷ ትደርድር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ተርፎ ወይም ጎድሎ እንደሆነ እሷ ትንገርሽ። ጉሊት ስትሄዱ ቲማቲሙን በአምስት አምስት መደብ ታድርገው። ቅልልቦሽ ትንሽ ቆይቶ ይደርሳል፤ አምስት ጠጠር አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያሉ ማንሳት ቁጥርን ለመክፈልና ለመግጠም ከዚህ የተሻለ መጫወቻ አላውቅም። ገበጣም እንዲሁ፣ አጎቷ ያስተምራት።

አንድ ጨዋታ ግን ዛሬውኑ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ወለሉ ላይ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ እንደሚሠመረው አድርገሽ አሥር ቤት በአንድ መስመር አሥምሪ፤ በየቤቱ ከ1 እስከ 10 ጻፊ። አንድ ወይም ሁለት የሚወጣበት ነገር፣ ለምሳሌ ባንድ በኩል ምልክት ያለው ቆርኪ፣ ጣይና ጠጠራችሁን አራምዱ። በ2008 የወጡ ጥናቶች ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች እንዲህ ያለ ጨዋታ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ተጫውተው የቁጥሮችን ብዛት በማወዳደር ጉልህ ለውጥ እንዳሳዩ፣ ለውጡም ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ እንዳልጠፋ አሳይተዋል። ቤቶቹ ቁጥር ሳይሆን ቀለም ብቻ የነበራቸው ልጆች ግን አልጠቀማቸውም። አንድ ደንብ ጠብቂ፤ ጠጠሩ 4 ላይ ቆሞ ሁለት ከወጣ «አንድ፣ ሁለት» አትበሉ፤ «አምስት፣ ስድስት» እያላችሁ ሂዱ። ጥቅሙ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የአማትሽን ነገር ሙግት ውስጥ አትግቢበት። ነፍስ ያለውን መቁጠር የማይወዱ አያቶች ብዙ ናቸው፤ ልጅቱም ይኼን ማክበር ብትማር ምንም አይጎድልባት። እንቁላሉ፣ ድንቹ፣ እንጀራው ይቆጠር።

የጎረቤትሽ ልጅ እስከ መቶ መጻፏ ጥሩ ነው፤ ግን መጻፍ የእጅ ልምምድ ነው። እሷንም ሦስት ሽንኩርት ላኪያትና እዪው። ካመጣች እሰየው፤ ካላመጣች ለእናቷ አትንገሪባት። የግል መዋዕለ ሕፃናት አቅምሽ ከፈቀደ ለጓደኛና ለጨዋታ ብለሽ ላኪያት እንጂ «ቀረችብኝ» ብለሽ አትበደሪ።

የምር መጨነቅ ያለብሽ መቼ ነው? ከመቶ ልጆች ከሦስት እስከ ሰባት የሚሆኑት በሌላው ትምህርት ደኅና ሆነው ቁጥር ላይ ብቻ ለይቶ የሚይዛቸው ችግር አለባቸው። ይኼ ግን በአራት ዓመት አይታወቅም። ሰባትና ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ በደንብ ተምራም፣ ሦስት ነገር አይታ ሳትቆጥር ማወቅ ካልቻለች፣ ከ5ና ከ8 የሚበልጠውን መናገር ካቃታት፣ ትናንት የገባት ዛሬ ከጠፋት ያን ጊዜ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህር ይያት። ከዚያ በፊት ግን ስትጠሪያት ዘግይታ የምትሰማ ወይም ነገር ወደ ዓይኗ አስጠግታ የምታይ ከሆነ ዓመቱን ሳትጠብቂ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ጆሮዋንና ዓይኗን አስመርምሪ።